ሲጋራ የሚያቆም ሰው አጠገባችን ካለ እኛ ምን እናድርግ? (ወሎየዎች ግቡ)

የጦሳዋ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ታናሽ ወንድሜ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ሲጋራ ሊያቆም ወስኗል። ማንም አልጨቀጨቀውም፤ በቃኝ ያለው ራሱ ነው። ማጨስ የጀመረው ካምፓስ እያለ ነው። አሁን ዳገት ሲወጣ ያለከልከዋል፣ ሌሊትም ሳል አያስተኛውም። ደሴ ደግሞ ዳገት የሌለበት ሰፈር የላትም።

ከዚህ በፊትም አቁሞ ያውቃል። ጥሩ እየሄደ ሳለ አንድ ቅዳሜ በርጫ ላይ ጓደኞቹ «አንዷ ምን ታደርግሃለች?» ብለው አቀበሉት። በዚያው ቀጠለ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ከልብ የሚወዱት ልጆች ናቸው። ለዚህ ነው ጥያቄዬ ስለ እሱ ሳይሆን ስለ እኛ የሆነው። እናት፣ እህት፣ ጓደኛ፣ የሥራ ባልደረባ ምን ቢያደርግ ይጠቅመዋል? ምን ቢያደርግ ይጎዳዋል? ያቆማችሁ፣ እያቆማችሁ ያላችሁ፣ ሰው አግዛችሁ ያስቆማችሁ ንገሩኝ። እኛ ቤት ቡና በቀን ሁለቴ ይፈላል፤ እሱንም አስቡልኝ።


ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እህቴ አብሽሪ። እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ የጅቡቲ መስመር። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከዚያ ጋላፊ። በዚያ ሙቀት ጫትና ሲጋራ የማይነካ ሹፌር ጥቂት ነው። እኔ ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል፣ አልሀምዱሊላህ።

እኔን ያገዘኝ ረዳቴ ነው። አንድም ቀን አልመከረኝም። ላቆም ነው ስለው ጋቢናውን አጠበ። የወንበር ልብሱን አውልቆ ላውንደሪ ሰጠ፣ መጋረጃውን ቀየረ፣ መተርኮሻውን አጥቦ ቆሎ ሞላበት። ላይተሩን የት እንዳደረሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ ራሱ ያን ጊዜ ያጨስ ነበር። ሲያምረው መኪና ስናቆም ወርዶ ራቅ ብሎ ያጨስና አፉን ተጉመጥምጦ ይመለሳል።

ሰው የሚከብደው መንዳቱ ላይ ይመስለዋል። አይደለም። ስትነዳ እጅህም ዓይንህም ሥራ አለው። የሚከብደው ወረፋ ነው። ጋላፊ ላይ ቆመህ ስትጠብቅ ሥራ የለ፣ ጥላ የለ፣ ከፊትህም ከኋላህም ያለው ሁሉ ያጨሳል። ያን ጊዜ ረዳቴ «ና ጎማ እንይ» ይለኛል። ጎማው ምንም እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። መዶሻውን ይዘን ከፊት ጎማ ጀምረን እስከ ተሳቢው መጨረሻ አንድ በአንድ እየመታን፣ ድምፁን እየሰማን እንዞራለን። ዞረን ስንጨርስ ሀራራው አልፏል።

ስለዚህ ወንድምሽን የሚከብደው ሰዓት የትኛው እንደሆነ ጠይቂው። ያንን ሰዓት ያዥለት።


ሲስተር (ወልድያ)

ነርስ ነኝ። ቦርከና ያልከው ከሙያውም ጋር ይሄዳል። ሀራራ ሲመጣ የማያልቅ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል፤ ሰውየው ቢያጨስም ባያጨስም። የደጋፊ ትልቁ ሥራ እነዚያን ደቂቃዎች አብሮ ማሳለፍ ነው።

የጦሳዋ፣ አስቀድመሽ ብታውቂው የሚጠቅምሽን ልጻፍልሽ። ኒኮቲን ከሰውነት ቶሎ ነው የሚወጣው፤ በ2 ሰዓት ገደማ ግማሹ ይቀንሳል። ስለዚህ ወንድምሽ ሰኞ ገና ከሰዓት ሳይሆን ሊቅበጠበጥ ይችላል። ከሁሉም የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ናቸው። ይነጫነጫል፣ ሐሳቡ ይበተናል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ ይርበዋል፣ ሆዱም ሊደርቅ ይችላል። ከዚያ እየቀለለ ሄዶ በ3 ወይም በ4 ሳምንት አብዛኛው ይለቀዋል። በእነዚያ ቀናት ቢቆጣችሁ አትመልሱለት። ለእናታችሁም አሁኑኑ ንገሪያት፣ በኋላ እንዳይከፋት።

አንድ ነገር ግን ሰኞን አትጠብቁበት። ሌሊት የሚያስለው 2 ሳምንት ካለፈው «የሲጋራ ነው» ብላችሁ አትተውት። አክታውን ይመርመር። የሚያጨስ ሰው ለቲቢ ይበልጥ ተጋላጭ ነው። የቲቢ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነጻ ነው።

አሁን ወደ ቡናው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ነገሮች ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጉታል። ማጨስ ሲቆም ጉበቱ ወደ ድሮ ፍጥነቱ ይመለሳል። ሰውየው እንደ ልማዱ ያህል ቡና ከጠጣ በደሙ ውስጥ የሚቆየው ካፌይን እጥፍ ያህል ሊሆን ይችላል። ልቡ ድው ድው ይላል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት ዓይኑ አይከደንም። እሱ ግን የሲጋራ ሀራራ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ያጨሳል። ቡናውን ግማሽ ያህል ይቀንስ።


የጦሳዋ (ደሴ)

ሲስተር ስለ ሳሉ ያልሽው አስደነገጠኝ፤ ነገ ጠዋት ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። ስለ ቡናው ግን እናቴን እንዴት ብዬ ልንገራት? እኛ ቤት አቦል ጠጥቶ መነሳት ነውር ነው።


የበረካ ሰዓት (ደሴ፣ ሸዋ በር)

ልጄ፣ አይነሳ። አቦሉን ነው የሚያሳልፈው። ቆሎውን እየቆረጠመ ይጫወት፤ ቶናው ሲመጣ ይቀዳለት። ቶና ቀጠን ይላል። በረካውንም ዱአ ሲደረግ ይቅመስ። ማንም አይቀየምም። እኔ ለባለቤቴ እንዲህ ነው ያደረግሁለት፤ ለጎረቤት ሁሉ «ሐኪም አቦል ከልክሎታል» አልኩ፣ አለቀ።

መቀመጫውንም ቀይሪለት። በሩ አጠገብ እየተቀመጠ ወጣ ብሎ የሚያጨስ ከነበረ ወደ ውስጥ አስገቢው። ሥራ ስጪው። ፈንዲሻ ያዙር፣ ስኒ ያቀብል። እጁ ባዶ አይሁን።

ከሁሉ ከሁሉ ግን መፋቂያ ግዥለት። ለጠዋት ብቻ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ኪሱ ውስጥ ይኑር። እኔ የወይራውን ነበር የምገዛው። ቀጫጭኑን መርጬ፣ ጣት በምታህል ልክ ቆርጬ፣ ጫፉን በቢላ ልጬ በድሮው ፓኮው ቦታ ደረት ኪሱ ውስጥ እከትለት ነበር። እሱ እጁን ሲጋራ ፍለጋ ሲሰድ መፋቂያውን ያገኛል። አፉ ውስጥ ያደርገዋል፣ ያኝከዋል፣ ጥርሱም ይጸዳለታል። ሰውም አይቶ አይጠይቀውም፤ መፋቂያ የያዘ ወንድ ደሴ ውስጥ ማን ይጠይቃል? ዛሬ አልሀምዱሊላህ መፋቂያው ብቻ ነው የቀረው።


ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እናቴ ይህን እኔም ሳልሰማ ነው ያቆምኩት። ለረዳቶች ሁሉ ነው የምነግረው።


ቆራጥ (ደሴ)

እኔ ይሄ ሁሉ ግርግር አይገባኝም። ሲጋራ ማቆም የወኔ ጉዳይ ነው። ወስነህ ትጥላለህ፣ በቃ። ሰው መፋቂያ እየቆረጠ ኪስህ ውስጥ የሚከትልህ ከሆነ ገና አልወሰንክም ማለት ነው። ለልጁ የምለው፣ ማንንም አትጠብቅ።


የድሮ ወታደር (ሐይቅ)

ወንድሜ ቆራጥ፣ ለወኔማ እኔም አላነስኩም። ጦር ሜዳ የዋልኩ ሰው ነኝ፤ ሲጋራንም የለመድኩት እዚያው ምሽግ ውስጥ ነው። ግን ብቻዬን አልጣልኩትም። ብቻውን የጣለ ሰው ካለ እግዜር ይስጠው፤ አብሮት ሰው ያለውን ግን አትናቅበት።

የኔ ታሪክ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፣ መጋቢት 2። ጎረቤቴ ሙስሊም ነው፤ አብረን ነው ያረጀነው፣ አብረን ነው የምናጨሰውም። በዋዜማው በአጥሩ ላይ ሆኖ «እንግዲህ አንተም ልትጾም ነው፣ እኔም ልጾም ነው፤ ይህን ነገር አብረን እንገላገለው?» አለኝ። እሺ አልኩት።

ቀኑ አያስቸግርም። ጾም ላይ ያለ ሰው ቀን አያጨስም። ጭንቁ ሲፈታ ነው። እኔ 9 ሰዓት ላይ ቅዳሴ ወጥቼ እህል ስቀምስ ወዲያው ሲጋራ ያምረኛል። እሱ ደግሞ ቴምርና ውሃ ቀምሶ እንዳፈጠረ። ስለዚህ ተከፋፈልነው። 9 ሰዓት ላይ እሱ፣ ራሱ አፉ ደርቆ ሳለ፣ እኔ ቤት ይመጣል። በላሁም አልበላሁም አጠገቤ ይቀመጣል፣ ወሬ ያወራኛል። ማታ ደግሞ እኔ እሄዳለሁ። አፍጥሮ እጁን ሳይታጠብ «ተነሳ» እለዋለሁ፤ በእግር እንዞርና ለተራዊህ መስጊዱ በር ድረስ ሸኝቼው እመለሳለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ገርሞት ነበር።

ዒድ ቀድሞ መጣ። በዒድ ቀን እንግዳው ሁሉ ያጨሳል። እኔ ገና ጾም ላይ ነበርኩ፤ ሥጋውን ሳልቀምስ ቀኑን ሙሉ ቤቱ ዋልኩ። ፋሲካ ሲመጣ እሱ በተራው እኛ ቤት ዋለ። እስከ ዛሬ ሁለታችንም አልነካናትም።

ሲስተር፣ እስቲ አንድ ልጠይቅሽ። ልጆቼ «በዚህ ዕድሜ ማቆም ምን ይጠቅምሃል» ይሉኛል። እውነት አይጠቅምም?


ሲስተር (ወልድያ)

ጋሼ፣ ከእግዜር በታች ለጎረቤትዎ ትልቅ ነገር ነው ያደረጉት። እሳቸውም ለእርስዎ።

በእርግጥ ይጠቅማል። በየትኛውም ዕድሜ። ሰው ካቆመ 1 ዓመት ሲሞላው በልብ ሕመም የመያዝ ስጋቱ ከሚያጨስ ሰው ግማሽ ያህል ይወርዳል። በ10 ዓመት ደግሞ በሳንባ ካንሰር የመሞት ስጋቱ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። እርስዎ የመጀመሪያውን አልፈውታል። ትንፋሽዎን ግን እርስዎ ራስዎ ያውቁታል፤ ሳሉና ማለክለኩ በወራት ውስጥ ነው የሚቀንሰው።

የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ግን ለሐኪምዎ ማቆምዎን ይንገሩ። ይህን ለሁላችሁም ነው የምለው። ስለ ካፌይን የጻፍኩት በአንዳንድ የአእምሮና የአስም መድኃኒቶችም ላይ ይሠራል፤ ሰው ማጨስ ሲያቆም መጠናቸው መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። የስኳር ሕመምተኛም መለኪያውን ቶሎ ቶሎ ይይ።


የሆጤ ልጅ (ደሴ)

ሁሉም ጥሩ፤ የደሴን ብርድስ? ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ወርዶ፣ ጦሳ ራሱ ተሸፍኖ፣ ሲጋራ ካላሞቀን ምን ያሞቀናል?


ሲስተር (ወልድያ)

አያሞቅም ወንድሜ፣ ያቀዘቅዛል። ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠባል፤ ወደ እጅና እግር ጣት የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ሲጋራ አጭሰህ ጣትህን ጉንጭህ ላይ አድርገው፣ ይሰማሃል። ሻይ በቅርንፉድ ጠጣ፤ ጋቢ ደርብ።


የኔ ጥያቄ (ኮምቦልቻ)

ወደ ሺሻ መቀየርስ አይሻልም? ጭሱ በውሃ ያልፋል።


ሲስተር (ወልድያ)

አይሻልም። ውሃው ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጣራውም። በአንድ ሰዓት ሺሻ የሚሳበው ጭስ ከአንድ ሲጋራ ብዙ እጥፍ ነው። ኒኮቲኑም እዚያው አለ፤ ሱሱ አይለቅም። በሕጉም ክልክል ነው።


ስሜን አልጽፍም

ሁሉንም አነበብኩ። እናቴ የበረካ ሰዓት የጻፍሽውን ሳነብ አለቀስኩ።

ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ወንድም፣ ስለ ባል፣ ስለ ጎረቤት ነው። እኔ ሴት ነኝ፣ አጨሳለሁ። ቤተሰቤ አያውቅም። ልጆቹ ሲተኙ ከኩሽናው ጀርባ ቆሜ ነው የማጨሰው። ከዚያ እጄን በሎሚ ልጣጭ አሻለሁ፣ ነጠላዬን እቀይራለሁ፣ ሽንኩርት ከሌለኝም አቁላላለሁ፤ ሽታው እንዲሸፍንልኝ። ወንድ አቆምኩ ሲል ሁሉም አብሽር ይለዋል። እኔ አቆምኩ ለማለት መጀመሪያ አጨሳለሁ ማለት አለብኝ።

ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ሲስተር የጻፍሽው ነው። እነዚያ 3 ቀናት። ሳቆም እነጫነጫለሁ፣ ልጆቼን እቆጣለሁ፣ ባለቤቴ «ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል። መልስ የለኝም። ራስ ምታት ነው እላለሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ቤቱ ሰላም እንዲሆን ብዬ ተመልሼ አጨሳለሁ።


[ይህ አስተያየት በአወያይ ተነስቷል]


አወያይ

እህታችን ደፍራ ጽፋለች። ሴት ስለሆነች የሚሳደብ ሰው እዚህ ቦታ የለውም። ከላይ የነበረው አስተያየት ተነስቷል፤ ጸሐፊውም ታግዷል። ቀጥሉ።


የጦሳዋ (ደሴ)

እህቴ እንኳን ጻፍሽ። እኔ ለወንድሜ ያሰብኩትን ሁሉ አንቺም ይገባሻል። እንዲያውም ይበልጥ፤ እሱ እናት አለው፣ እኔ አለሁት፣ አንቺ ግን ሁለት ሥራ ነው ያለብሽ፣ ማቆሙም መደበቁም። ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ሌሊትም ቢሆን እመልሳለሁ።


ሲስተር (ወልድያ)

የኔ እህት፣ ለሁሉም መንገር የለብሽም። አንድ ሰው ይበቃል። ባለቤትሽ ሊሆን ይችላል፣ እህትሽ፣ ጓደኛሽ። የትኛው ሰው እንደሚሸከምልሽ አንቺ ታውቂያለሽ። ማንም ከሌለ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ለባለሙያ ንገሪ፤ የታካሚን ምስጢር መጠበቅ ግዴታችን ነው።

ለቀሩት ውሸት ሳትናገሪ የሚበቃ መልስ አለሽ። «ነርስ ቡና ቀንሺ ብላኛለች፤ ለአንድ ሳምንት እንደ ልቤ አልሆንም፣ ቻሉኝ» በያቸው። እኔ ነኝ ያልኩሽ፣ እውነት ነው። ቡናውንም በእርግጥ ቀንሺ። ቡና የቀነሰ ሰው እንደሚነጫነጭ ወሎ ውስጥ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ለመውለድ ካሰብሽ ግን ሳትዘገዪ ሐኪም አማክሪ።


የበረካ ሰዓት (ደሴ፣ ሸዋ በር)

ልጄ አብሽሪ። ደሴ ካለሽ እኔ ጋ ነይ። ቤቴ ውስጥ ማንም ለምን መጣሽ አይልሽም፤ ሴት ሴት ቤት ቡና ልትጠጣ ትሄዳለች፣ ይሄው ነው። ሀራራው ሲመጣብሽ ነይና ሽንኩርት አብረን እንላጥ። መፋቂያውን እኔው ቆርጬ እጠብቅሻለሁ።


ስሜን አልጽፍም

ለሦስታችሁም አላህ ይስጣችሁ። እህቴ የጦሳዋ፣ በውስጥ ጽፌልሻለሁ።


የመርሳ ልጅ

ሰዎች፣ እኔ ገና ወር አልሞላኝም ካቆምኩ። ትናንት ለቅሶ ነበረብን። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ የአክስቴ ልጅ ወጣ በል አለኝ፤ ከድንኳኑ ጀርባ ወንዶቹ ሁሉ ያጨሳሉ፣ ሰጡኝ፣ ሐዘን ላይ ነኝ፣ አጨስኩ። ሁለት ፍሬ። አሁን ሱቅ በደረቴ ባለፈ ቁጥር ፓኮ ልገዛ እጄ ኪሴ ይገባል። በቃ ከሽፏል ማለት ነው?


የድሮ ወታደር (ሐይቅ)

ልጄ፣ ነፍስ ይማር። አልከሸፈም። ሁለት ፍሬ ያጨሰ ሰው ሁለት ፍሬ ነው ያጨሰው። ፓኮውን ከገዛህ ነው የምትመለሰው። አትግዛ። በሠልስቱ ስትሄድ ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀመጥ። ከዚያ ተጠርቶ የሚወጣ ሰው የለም።


ሲስተር (ወልድያ)

ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናህ። ሲጋራን ጨርሶ ያቆመ ሰው አብዛኛው ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክሮ ነው ያቆመው። ያቆምክባቸው ሳምንታት አልጠፉም። ሰውነትህ ያገኘውን አግኝቷል፤ አንተም ለቅሶ አደገኛ ቦታህ እንደሆነ ዛሬ አውቀሃል። የአክስትህ ልጅም ይወቅ። «አቁሜያለሁ፣ አትጥራኝ» በለው። እኛ አገር ሐዘንተኛን ማጽናናት ይታወቃል፤ ከሲጋራ ሌላ የሚያቀብልህ ነገር አያጣም።


ቆራጥ (ደሴ)

የመርሳው፣ እኔ ከላይ ብዙ ተናግሬ ነበር። ዛሬ ስታምርህ እዚህ ጻፍ፣ እኔ እመልስልሃለሁ። ጠንክር።


ባለሱቅ (ኮምቦልቻ)

እኔ ሱቅ አለኝ፣ ሲጋራም እሸጣለሁ፤ አልደብቅም። ግን ሰው «ከእንግዲህ እንዳትሸጥልኝ» ካለኝ አልሸጥለትም። ደብተር ላይ የዱቤ ስሙ አጠገብ ምልክት አደርጋለሁ። ሁለት ሦስት ደንበኞች እንዲህ አስይዘውኛል። አንዱ ተቆጥቶኝ ሌላ ሱቅ ሄዶ ያውቃል፤ በማግስቱ መጥቶ አመሰገነኝ። ስለዚህ የጦሳዋ፣ ወንድምሽ የሚገዛበት ሱቅ ከታወቀ ሄደሽ አናግሪው፤ እሱ ከፈቀደ ማለቴ ነው። ከጀርባው ከሆነ ግን አይሆንም፣ ያዋርደዋል።

ሌላው፣ ልጅ ልካችሁ ሲጋራ አታስገዙ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ ክልክል ነው። የ8 ዓመት ልጅ ሳንቲም ጨብጦ «ለአባዬ አንድ ፍሬ» ሲለኝ እመልሰዋለሁ። አባቱ ይቀየመኛል። ይቀየመኝ።

ይኸው አዋጅ ሆቴልና ቢሮ ውስጥ፣ ሚኒባስ ውስጥም ማጨስን ይከለክላል። ሰው አጠገባችሁ ቢለኩስ ውጭ አጭስ ማለት መብታችሁ ነው፤ በተለይ የሚያቆም ሰው ይዛችሁ ከሆነ።


የሆጤ ልጅ (ደሴ)

የኒኮቲን ማስቲካ የሚባለው ነገርስ? ሰው ከውጭ አመጣልኝ፤ ሞክሬው ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፣ ተውኩት።


ሲስተር (ወልድያ)

እንደ ተራ ማስቲካ አኝከኸው ይሆናል። እሱ ሌላ ነው። ጥቂት ታኝካለህ፤ ቅመም ቅመም ሲልህ ታቆምና በጉንጭህና በድድህ መካከል ታስቀምጠዋለህ። ሲጠፋ ደግመህ ጥቂት ታኝካለህ። ኒኮቲኑ በአፍ ቆዳ ነው የሚገባው፤ ከዋጥከው ሆድህን ያቃጥልሃል እንጂ አይሠራም። ከመውሰድህ በፊት 15 ደቂቃ ያህል፣ እያኘክም ቡናና ለስላሳ አትጠጣ፤ እንዳይገባ ያደርጉታል።

ማስቲካውና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኒኮቲን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። በሐኪም የሚታዘዝ እንክብልም አለ። በየፋርማሲው እንደ ልብ የሚገኙ አይደሉም፤ ግን ጠይቁ። በተለይ ከእንቅልፉ እንደነቃ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሚለኩስ ሰው ሱሱ ጠንካራ ነውና ሐኪም ቢያማክር ጥሩ ነው። ያላገኘ ሰው ግን ይህን ሲጠብቅ ቀኑን አያራዝም።


ታናሽየው (ደሴ)

ወንድሟ ነኝ። እህቴ ትናንት ማታ ስልኳን ሰጠችኝና እስከ ሌሊት አነበብኩ። በማላውቃቸው ሰዎች መካከል ስለ እኔ ይህን ያህል ይወራል ብዬ አላሰብኩም። አላህ ያክብራችሁ።

ዛሬ ጠዋት አክታ ሰጥተናል፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው።

የምፈልገውን ልጻፍ፣ እህቴም እናቴም እንድታውቁት። አጨስክ ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ካጨስኩ እኔው እነግራችኋለሁ። ልብሴን አታሽትቱ። የሲጋራውን ብር በየቀኑ ለእማዬ እሰጣታለሁ፤ እቁብ ትጣልልኝ፣ ለምን እንደሆነ አሁን አልናገርም። አቦሉን እሺ፣ አልጠጣም።

ለጓደኞቼ ዛሬ ማታ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ለአንድ ወር በርጫ አልመጣም፤ ጫትና ሲጋራ ለእኔ አንድ ላይ ነው የሚመጡት፣ ምርቃናው ላይ እጄን አላዘውም። ጠልቻቸው እንዳልሆነ ያውቃሉ። ምሳ ላይ ወይም ኳስ ላይ እንገናኛለን።

ቦርከና፣ አንተ የሚከብደውን ሰዓት ጠይቂው ብለሃታል። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከ8 እስከ 12 ሰዓት። ዓመታት ሙሉ እነዚያን ሰዓታት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው ያሳለፍኩት። ሌላ ምን እንደሚደረግባቸው አላውቅም።


ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አብሽር ወንድሜ። ይህን ቅዳሜ ኮምቦልቻ ነኝ፤ ጭነት የለኝም፣ መኪናዋ ግሪስና ዘይት ትፈልጋለች። ከምሳ በኋላ ከደሴ ሚኒባስ ይዘህ ውረድ፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ወያላው እንዳያጨስብህ መስኮት ያዝ። ረዳቴም ይኖራል፤ እሱም አቁሟል አሁን። 8 ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሃለሁ። ስንጨርስ እኔ ቤት እንበላለን፣ ለመግሪብ ትመለሳለህ።

አሮጌ ልብስ ልበስ። ግሪስ አይለቅም።


ታናሽየው (ደሴ)

እመጣለሁ። መፋቂያ ይዣለሁ።


የመርሳ ልጅ

ቅዳሜ ለሥራ ኮምቦልቻ ነኝ። ሦስተኛ ሰው ይቻላል?


ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ጎማው ብዙ ነው። ና።